የአያ ስማቸው የሚወዛወዝ ጣውላ

አያ ስማቸው ሞቱ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው «በምን?» ብሎ ነው። በዚህ ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ ለቅሶ ሲሰማ ከ«መቼ» ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ሆኗል። ሲወድቁ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ቡሬ አካባቢ ገጠር ላሉት ታላቅ ወንድማቸው ደውዬ ያረዳሁትም እኔ ነኝ። «በሩጫ» አልኳቸው። ሰውዬው፣ «ስማቸው? ስማቸው ሮጠ ነው የምትለኝ?» አሉኝ። ልቅሶው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ባያምኑኝ አልፈርድባቸውም። አያ ስማቸው ሲሮጡ ያየ ሰው የለም። «ሩጫ ብስክሌት ያጣ ሰው ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ለመሄድ እንኳ ብስክሌት ያነሳሉ። ዝናብ ሲመጣ እኛ ልብሳችንን ሰብስበን ወደ በረንዳ ስንሯሯጥ እሳቸው ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ቀጥ ብለው፣ በዝግታ እየነዱ በመሃላችን ያልፋሉ። በዚያ ላይ ይስቁብናል።

እኔ አናጢ ነኝ። የእሳቸው የብስክሌት መጠገኛና የእኔ ሱቅ በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሚለያዩ፣ ፈለግሁም አልፈለግሁም የአያ ስማቸውን ሕይወት ስሰማ ኖሬያለሁ። ጉረኛ ነበሩ። ተቆጪም ነበሩ። ደንበኛ ሲከራከራቸው መፍቻውን አስቀምጠው «በል እንግዲህ አንተ ጠግነው፣ እኔ ልይህ» ብለው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የምራቸውን ነው፣ ሰውየው እስኪለማመጣቸው አይነሱም። ጠግነው ሲጨርሱ ግን ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን ያሽከረክሩና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ያን ጊዜ አጠገባቸው ማውራት ክልክል ነው። አንዳንዴ ማንም ያልሰማውን ነገር ሰምተው እንደገና ይፈቱታል፤ አንዳንዴም ሁላችንም እየሰማነው ሲንኳኳ «ምንም የለውም» ብለው ይሸኙታል።

ሰው ሲመጣ የሚያስቀድሙት ሰላምታ አልነበረም። በብስክሌትም ይምጣ በባጃጅ፣ ጎንበስ ብለው የፊት ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ጎማህ ደክሟል። አንተስ እንዴት ነህ?» ይላሉ። በእግሩ የመጣን ሰው ምን እንደሚሉት ግር ይላቸው ነበር።

በወጣትነታቸው ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በተደረገ ውድድር ማንኩሳ ድረስ መርተው፣ እዚያ ጎማቸው እንደፈነዳ ሺህ ጊዜ ነግረውናል። ሁልጊዜ የሚለወጠው ጎማውን ያፈነዳው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚስማር ነበር። በኋላ ተፎካካሪ የበተነው ጠርሙስ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት «የሰው ዓይን ነው» ወደማለት ደርሰው ነበር። ሐኪም ልባቸው እንደሰፋና ድካም እንደማይስማማቸው የነገራቸው ሰሞን ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «መላኩ፣ ልብዎ ሰፍቷል ተባልኩ። እስኪ ለሚስቴ ንገርልኝ፣ እኔ ብላት አታምነኝም» አሉኝ። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ያኔ ማን ያውቃል።

ውባለም የእኒያ የታላቅ ወንድማቸው ልጅ ናት። እናቷ ከአዊ ወገን ናቸው። ከገጠር ቡሬ ትምህርት ቤት ድረስ በአባቷ ከባድ ብስክሌት ታናሽ ወንድሟን ከኋላ ጭና ስትመላለስ አያ ስማቸው ለዘመድ ጥየቃ ሄደው አዩዋት። ሲመለሱ አፋቸው አላርፍ አለ። «ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። እግሯ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ወገቧ ዝም ብሏል። ይሄ በትምህርት አይመጣም» አሉኝ። ያንኑ ዓመት ወንድማቸውን ለምነው ልጅቱን ወደ ቤታቸው አመጧት። አንዱን ከወዲያ፣ አንዱን ከወዲህ ለቃቅመው የውድድር ብስክሌት ገጠሙላት። ማርሹ የአንዱ፣ መሪው የሌላው፣ መቀመጫው ከየት እንደመጣ እሳቸውም የማያስታውሱት ነበር። ሲያሽከረክሩትና ሲያዳምጡት ግን ፊታቸው ይበራ ነበር።

ከዚያ ባሕር ዳር ያለ አንድ የብስክሌት ክለብ ለሙከራ ጠራት። ይዘዋት ሄዱ። አሰልጣኙ ካያት በኋላ፣ «መንገዱ አሁን አስተማማኝ አይደለም፤ ደህና ሲሆን ተመለሺ፣ ቦታ እንይዝልሻለን። ግን እንደዛሬው ሆነሽ ነው የምትመለሺው፤ እንደገና አይሻለሁ» አላት። አያ ስማቸው ይህን ሲነግሩን «ቦታ እንይዝልሻለን» የሚለውን ጮክ፣ «እንደዛሬው ሆነሽ» የሚለውን ቀስ አድርገው ነበር።

መንገዱ ደህና አልሆነም። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ ባሕር ዳር ገባ የተባለው መኪና ቡሬ ላይ አድሮ ይመለሳል። ውባለም አንድ ቀን ለልምምድ እስከ ላህ ወንዝ ድልድይ ወጥታ፣ ተኩስ ስትሰማ ብስክሌቷን ተሸክማ በማሳ ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አያ ስማቸው አስፋልት ከለከሏት። ልጅቱ ቤት ዋለች። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ ሳምንት። አያ ስማቸው መፍቻ ይዘው ተቀምጠው ጎማ የማያዩበት ጊዜ መጣ። «እግር ወተት ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ትተኸው ሂደህ ስትመለስ አታገኘውም። ይች ልጅ እያየኋት እያለቀችብኝ ነው።»

ቤት ውስጥ የሚነዳ ብስክሌት የማበጀት ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ከድሮ ወፍጮ የወጣ ድቡልቡል ብረት ከየትም ፈልገው አመጡ። የኋላው ጎማ እሱ ላይ እየተንከባለለ እንዲዞር፣ ብስክሌቱ ግን ካለበት እንዳይላወስ፣ በያጅ ዘንድ የብረት መቆሚያ አሠሩለት። መቆሚያው የኋላውን ጎማ ዘንግ ከግራና ቀኝ ጨምድዶ ይይዛል። ጓሯቸው ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ ሲሚንቶው ላይ ተከሉት።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አልረሳውም። በር እየላግሁ ነበር። ከሩቅ የሚመስል፣ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ እምምታ ሰማሁ። ከፍ አለ፣ ከዚያ በአንድ ልክ ጸና። እኛ አገር ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። ስሙን ድሮን ብለን መጥራት እንኳ ስለሚከብደን «ያ ነገር» ነው የምንለው። መላጊያውን ጥዬ የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ገባሁ። መንገዱ ላይ ሰው ሲጯጯህ፣ ልጆች ሲጠሩ፣ በር ሲላተም ይሰማኛል። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ አያ ስማቸው እጃቸው ቅባት እንደሆነ እየሳቁ ወደ መንገድ ወጡ። «መላኩ! ሰማህልኝ? እንዴት ነው ድምፁ?» አሉ። ቀና ሲሉ መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ነጠላ ጫማ መሃል አስፋልት ላይ ቀርቷል። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

ይታይሽ በአያ ስማቸው አጥር የምትዋሰን ጎረቤት ናት። በፊት ወንድሟ ዘንድ ገጠር በሄደችበት ጊዜ ያንን ድምፅ ሰምታ ነበር፤ ከድምፁ በኋላ የሆነውንም አይታለች። ወንድሟን ቀብራ ነው የተመለሰችው። ያን ዕለት ጠዋት ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጥታ ስትሮጥ ከመንገድ ዳሩ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፤ ሲፈታ ግን ቀጥ ብሎ አልመለስ አለ። ዛሬም ከክርኗ በታች ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው።

ሰፈሩ ተቆጣ። «የሰማዩ አልበቃን ብሎ ምድር ላይ ደግሞ ይጨመርብን?» ያሉ ነበሩ። ብረቱን አውጥተን እንሰባብረው ያሉም ነበሩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሄደው እንዲያቆሙ ነገሯቸው። እኔም ያቆማሉ ብዬ ነበር፤ ወይም ተቆጥተው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱንም አላደረጉም። በነጋታው ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ድንጋይ ተሸክመው ይታይሽ በር ላይ ቆሙ።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ እኛ ዘንድ ያለ ነው። ግን ሽማግሌ ሰው ከእሱ በዕድሜ ለምታንስ ሴት፣ አስታራቂ ሳይቀድመው፣ ብቻውን ሲያደርገው አይቼ አላውቅም። ደግሞ አያ ስማቸው ናቸውና ድንጋይ ሲመርጡ እንኳ መጠን አያውቁም። ሌላው ለወጉ ያህል ትንሽ ድንጋይ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ እሳቸው የያዙት የቤት መሠረት ላይ የሚገባ ነበር። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ከሱቄ ይሰማኛል። ሮጬ ልይዝላቸው ስል «ዞር በል» አሉኝ።

ይታይሽ ክንዷን በነጠላ አንግታ ወጣች። ስታያቸው ደነገጠች።

«ኧረ ምነው አያ ስማቸው! ያውርዱት እንጂ! ምን ሁነው ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ?»

«አላወርድም። ካሳውን አንች ተናገሪ።»

«ምን ካሳ አለው ይሄ? እኔ ካሳ አልፈልግም።»

«እንኪያ ቁመን እንውላለን።»

ይታይሽ ድንጋዩን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሮ ነበር። «እሽ፣ ልናገር» አለች። «ልጅቱ ትንዳ። ምን አጠፋች እሷ? ግን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩኝ። በአጥሩ በኩል ጥሩኝና ንገሩኝ። ልቤ ቀድሞ ይወቀው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አያ ስማቸው ድንጋዩን ለማውረድ ሲሞክሩ አቃታቸው። እኔና የይታይሽ ባል ነን ያወረድንላቸው። በኋላ ይህን ታሪክ ሲያወሩ እኛን አያነሱንም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውባለም ብስክሌቱ ላይ ከመውጣቷ በፊት አያ ስማቸው አጥሩ ዘንድ ሄደው ይጣራሉ። «ይታይሽ! እኛ ነን!» ይታይሽም ከጓዳዋ «ሰማሁ፣ አያ!» ትላለች። ከዚያ ነው የሚጀመረው። በመጀመሪያ ለእሷ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ጎረቤቶች ጆሯቸው ለመደና፣ አያ ስማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሰፈሩ ሁሉ መጣራት ጀመሩ። «እኛ ነን!» ልጆች እየተከተሉ ይደግሙታል። ይህን ጥሪ ሳልሰማ ቡና የማልጠጣበት ጊዜ መጣ።

ብስክሌቱ ግን አልቻለም። መንገድ ላይ ሲነዳ ብስክሌት ግራና ቀኝ ዘንበል ቀና ይላል፤ ሰው ፔዳሉን በረገጠው ቁጥር ትንሽ ይላወሳል። እዚያ መቆሚያ ላይ ግን ተጨምድዷል። ልጅቱ በጉልበት ስትረግጥ የሚላወስ ነገር ስለሌለ ሁሉም ጫና ፍሬሙ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ከኋላው ጎማ አጠገብ ያለው ብረት ተሰነጠቀ። ሌላ ፍሬም ከየት ይመጣል? መንገድ ዝግ ነው። በያጁ በጥንቃቄ አያያዘው፣ ግን «ሁለተኛ ከተሰነጠቀ እኔ የለሁበትም» አላቸው። አያ ስማቸው ብስክሌቱን አቅፈው ሱቄ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«መላኩ፣ አባትህ ቀንበርና ሞፈሩን በሚስማር ሲቸነክር አይተህ ታውቃለህ?»

«በምራን፣ በቆዳ ጠፍር ያስራል እንጂ።»

«ለምን?»

«በሬዎቹ እኩል አይራመዱማ። ካልተላወሰ አንገታቸውን ይቆርጣቸዋል።»

«የሷ ሁለት እግር እኩል ነው የሚራመድ?» አሉና አፈጠጡብኝ። «አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል። እኔ ደንቆሮው በብረት ቸነከርኳት።»

ሁለት ሰፋፊ ጣውላ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ለበር ያዘጋጀሁትን ሰጠኋቸው። አንዱ ጣውላ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሌላው ከነመቆሚያው፣ ከነብስክሌቱ ከላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው ርዝመቱን ይዞ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና አጋደምን፤ የላይኛው ጣውላ እሱ ላይ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ። ማጠፊያ ብረት በከተማው አልነበረም፤ ቢኖርም ሲጥ ሲጥ ይላል አሉ። ከገበያ ጥሬ ቆዳ አስመጥተው፣ ነክረው፣ ጣውላውን ከአጣናው ጋር በጠፍር አሰሩት። ሲደርቅ እየጠበቀ ሄደ፤ ግን ይላወሳል፣ ድምፅም የለውም። ጣውላው ወደ አንድ ወገን ሄዶ እንዳይቀር ደግሞ ግራና ቀኝ ከሥሩ የአሮጌ ባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ነፍተን ሰነቀርንበት። ከባጃጅ ነጂዎች የተለመነ፣ አሥር ቦታ የተለጠፈ ከመነዳሪ ነው።

አየሩ ላይ ተጣላን። እኔ ላላ ይበል አልኩ። እሳቸው «ላላ ያለ ጎማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» ብለው እስኪወጠር ነፉት። ውባለም ወጥታ አንዴ ረገጠች፤ ጣውላው ወደ ግራ ሄደና በኃይል መልሶ ወረወራት። ከቆርቆሮው ጋር ተላተመች፤ ደግነቱ አልተጎዳችም። አያ ስማቸው ያለምንም ማመንታት «ጣውላህ ጠማማ ነው» አሉኝ። ለዕቃ ሲወጡ ከሁለቱም ወገን አየር አስተነፈስኩ። ሲመለሱ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ተጫኑት፣ ቀና ብለው አዩኝ። «ውጪበት» አሏት ልጅቱን።

ወጣች። ጣውላው እሷ በረገጠች ቁጥር ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ይመለሳል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ወገቧ ዝም እንዳለ ብስክሌቱ ከሥሯ ይወዛወዛል። ድምፁም ሲሚንቶውን መደብደብ ስለተወ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። አያ ስማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲገልጧቸው እንባ ነበረባቸው። «ማንኩሳን አለፈች» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ዙሪያችን ደግ አልነበረምና። ግን ልጅቱ እግሯ ተመለሰ። ይታይሽ ሥራ ሲቀልላት መጥታ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። አንድ ቀን «ሳየው ድምፁ ሌላ ሁኖ ይሰማኛል» አለችኝ። ሰፈሩም ያንን እምምታ ለመደው። ልጆች እየሰሙት ይጫወታሉ፣ ሴቶች ቦኖው ላይ ውኃ ይቀዳሉ፣ ማንም ቀና አይልም። ሁላችንም ደስ ብሎናል። አያ ስማቸውን ብቻ አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር። «መላኩ፣ ሰዉ መፍራት ተወ» አሉኝ። «ታዲያ ጥሩ አይደል?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጃ። የከፋ ነገር ሠርተን እንዳይሆን። እኔ ያልተጣራሁ ቀን ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ይሩጥ በል፣ ለሁሉም ንገር።» ለሁሉም ተናገርን። ሁሉም ሰማ። ያላሰብነው ሌላ ነበር።

የገበያ ቀን ነበር፣ ረፋድ ላይ። አያ ስማቸው እንደወትሯቸው «እኛ ነን!» ብለው ተጣሩ፤ እኔም ሱቄ ሆኜ ሰማሁ። ልጅቱ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ የብስክሌቱ ካቴና ተበጠሰ። አያ ስማቸው ካቴናውን ይዘው ወደ ሱቃቸው መጡ፣ እኔም ልይዝላቸው ሄድኩ። እየጠገንን ሳለ ድምፁ ተሰማ።

ሁለታችንም ቀና አልን። እኔ ቶሎ አልገባኝም፤ «እነ ውባለም» ብዬ ላስብ ስል ካቴናው በእጄ ነው። አያ ስማቸው ግን ቀድመው ገብቷቸዋል። ፊታቸው አመድ ሆነ። ሲጀምሩ ይጣራሉ እንጂ ሲያበቁ ተጣርተው አያውቁም። ጥሪያቸው አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በእሳቸው ቃል ተማምኖ ቁጭ ብሏል።

ወጡ። ብስክሌታቸው በሩ ላይ ተደግፎ ነበር፤ አላዩትም። ሮጡ። አያ ስማቸው ሮጡ፤ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ በዚያ በሰፋ ልባቸው ዳገቱን ይዘው ሮጡ። «እኛ አይደለንም! እኛ አይደለንም!» ይላሉ። ቦኖው ላይ ሴቶች ጀሪካን አሰልፈው እያወሩ ነበር። ልጆች ከሥራቸው ናቸው። መጀመሪያ ግር ብሏቸው ቆመው አዩዋቸው፤ ምናልባት የገረማቸው ሩጫው ይሆናል። «እኛ አይደለንም! ካቴናው ተበጥሷል! ግቡ!» ያኔ ገባቸው። ልጆቻቸውን እያፈሱ ወደ ቦዩ፣ ወደ ዛፉ ሥር ተበተኑ። አያ ስማቸው አልቆሙም፤ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በየበሩ ጮኹ። ውባለምን ይታይሽ በደህናው እጇ ጎትታ ቦይ ውስጥ አስገባቻት።

ያ ነገር ከላይ ዞረ። እንደገና ዞረ። ከዚያ ሄደ። ምንም አልወረደም።

ሰው ከተደበቀበት ሲወጣ አያ ስማቸው ወደ ቦኖው ተመልሰው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተንበርክኬ ያዝኳቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። «ሁሉም ገቡ?» አሉኝ። «ሁሉም ገብተዋል፣ አያ።» «ልጅቱስ?» «ደህና ናት፣ ይታይሽ ይዛታለች።» ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ «ማቆማችንን አልተናገርኩም እኮ» አሉ። «አያ፣ አሁን ይተዉት» አልኳቸው። ትከሻዬ ላይ ዘንበል አሉ። ሆስፒታል ያደረሳቸው ባጃጅ ጎማውን የሚጠግኑለት የራሳቸው ደንበኛ ነበር፤ ግን ሲደርሱ አልፈው ነበር።

ወንድማቸው ለቀብር መድረስ አልቻሉም። መንገድ። ከሠልስት በኋላ ውባለም ብስክሌቱን ፈታታ በገመድ አሰረችው። መንገድ ሲከፈት ወደ ገጠር ልትመለስ ነው። ጣውላውን እንድወስድ ልትነግረኝ ሱቄ ስትመጣ፣ «ያን ድምፅ ሁለተኛ ለሰው አላሰማም። አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። እንዳልሆነ ነገርኳት። አልሰማችኝም።

ይታይሽ ይህን ሰማች። ጓሮው ውስጥ ገብታ ቆመች፤ እኔም ጣውላውን ለመውሰድ መጥቼ ነበር።

«የት ልትሄጅ ነው?»

«ቤት። አባቴ ዘንድ።»

«እዚያ ሂደሽ ልትቀመጭ?»

ውባለም ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለች። ይታይሽ ያንን የተጣመመ ክንዷን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየቻት።

«ይሄ የተሰበረው አንች ሂደሽ እንድትቀመጭ ነው? አያ ስማቸው ድንጋይ የተሸከሙት ለዚህ ነው? በይ ግጠሚው። መላኩ፣ አንተም ጣውላውን አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩ። ልጅቱ እያለቀሰች ገጠመችው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ግራና ቀኝ ያለውን ከመነዳሪ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ይህን ስታደርግ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ይታይሽ ወደ አጥሩ ሄደች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የአያ ስማቸውን ግማሽ አይሆንም፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያን ሰሞን ጸጥ ስላለ ሩቅ ሄደ።

«እኛ ነን!»

ማንም አልመለሰላትም። ደግማ ተጣራች። ከቦኖው ወገን አንዲት ሴት «ሰማን!» አለች።

ውባለም ወጣች። ጣውላው መወዛወዝ ጀመረ። ሱቄ ገብቼ መላጊያዬን እንደያዝኩ፣ ሳልሠራ፣ ያንን እምምታ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። መንገዱ ዛሬም አልተከፈተም፤ ክለቡ ቦታዋን ይያዝላት አይያዝላት የምናውቀው ነገር የለም። ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደና ቆመ። ከዚያ ልጅቱ ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ወደ አጥሩ ስትሄድ የእግሯ ኮቴ ተሰማኝ።

«ጨርሰናል!» አለች። «ጨርሰናል!»

እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።